ሦስት እርምጃ

በቺሎዌ ደሴት፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ባሕሩ ከድንች ማሳ ጋር ድንበር በሚጋራበት፣
አባቴ ኤሌውቴሪዮ አንድ ማለዳ ሲነሣ
ችካሉ ተነቅሎ አገኘው፣ ሦስት እርምጃ ወደኛ ማሳ።
ሌሊት የተተከለ እንጨት፣ ጭቃው ገና ያልደረቀ፤
የሮሳሜል የቦቲው ዱካ፣ እስከ ደጁ የዘለቀ።

ይህን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም ነበር፤
አጎቴ ሊሳንድሮ መጥረቢያውን በድንጋይ ይስል ጀመር።
እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ጠብ ያለሽ በዳቦ ባይ፣
ደሜ ፈልቶ ጠበቅሁት፣ አባቴ ምን እንደሚል ላይ።
እሱ ግን ጎንበስ አለና፣ ችካሉን ነቅነቅ አድርጎ፣
«አጥብቆ ነው የተከለው» አለ።
ሄደ፣ ላሟን ሊያልብ፣ ባልዲውን ፈልጎ።

በእራት ሰዓት አልቻልኩም፤ ማንኪያዬን ወረወርኩት፦
«ወረቀት የለንም እንዴ? ማኅተም ያለው?» አልኩት።
ሾርባውን ጠጣ። ጢሙን ጠረገ።
«ወረቀት» አለ «ጎረቤት አይሆንም።
ዳኛው መሬቱን ይሰጠኛል፤ ሮሳሜልን ግን አይሰጠኝም።»
ፈሪ ነው አልኩ በልቤ። ወረቀት የለውም አልኩ።
ለብዙ ዓመት እንዲያ ብዬ፣ በስሙ ማፈር ለመድኩ።

እሑድ በጸሎት ቤታችን፣ ያለ ሚስማር በተሠራው፣
ቄስ በዓመት ሁለት ጊዜ በጀልባ በሚጎበኘው፣
ሽማግሌው ዶን ባውዲሊዮ አነበቡልን የዚያን የጥንት ሰው ነገር፦
ጉድጓድ በቆፈረ ቁጥር ባላጋራ ሲመጣበት፣ ትቶ ወደ ፊት የሚሻገር፣
ውኃ ለሁሉም እስኪበቃ፣ ስፋት እስኪገኝ ከአገር።
አባቴ ባርኔጣው ጭኑ ላይ። ያንቀላፋ ይመስል ነበር።

ሰኞ ቤት ለቤት ዞረ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፦
«ደቦ አለብኝ፤ ቤቴ ወደ ምንጩ ሊወርድ ነው፣ ከዚህ ኮረብታ ለቅቆ፤
በሬ ያለው በሬውን፣ ገመድ ያለው ገመዱን ይያዝልኝ።»
በሦስት እርምጃ መሬት ቤት ይነቀላል? አልኩ። ማንም አልመለሰልኝ።

ቤታችን እንጨት ነው፣ ግድግዳው የዛፍ ቅርፊት የለበሰ፤
ከሥሩ ግንድ አግብተው ሲያነሡት፣ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ፣ ተነፈሰ።
ዘጠኝ ጥማድ በሬ መጣ። ዐሥረኛው የሮሳሜል ነበር፤
በደሴቱ እንደሱ በሬ ጭቃ የሚደፍር
አልነበረም። ሳይጠራ ቀረ እንዳልል፣ አባቴ ደጁን ቆርቁሯል፤
መጋረጃው ተነቃነቀ እንጂ በሩ እንደተዘጋ ቀርቷል።

ጎተትን። የኩሽናው መስኮት፣ ዕድሜውን ማሳ ሲያይ የኖረ፣
ባሕር እያየ ወረደ። ረግረጉ ላይ ቤቱ ተቀበረ፤
እስከ ደፉ ሰጠመ። ገመድ ተበጠሰ፤ ሁለት በሬ ተንበረከከ።
ዝናቡ ጨመረ። አጎቴ ተራገመ። ሰው ከዛፍ ሥር ታከከ።

ያኔ ነው የሰንሰለት ድምፅ የሰማነው፣ ከላይ፣ ከጭጋጉ።
ሮሳሜል ከነጥማዱ፤ ሰላምታ እንኳ የለ በወጉ።
ሰንሰለቱን አሰረ። አባቴ ዝም ብሎ ሌላውን ጫፍ ያዘለት፤
ሁለቱም ጭቃ እስከ ጉልበት።
«በል» አለ አንዱ። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።
ቤቱ ተነሣ።
ስለ ችካሉ፣ ያኔም ሆነ ኋላ፣ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ማታ፣ ቤቱ አዲስ ቦታው ላይ ትንሽ ወደ ባሕር እንዳዘመመ፣
ከአንድ ድስት በላን። ሮሳሜል በር አጠገብ ቆመ፤
አባቴ ከጎኑ ወንበር ሳበለት። ተቀመጠ። ሲያላምጥ ቆየና፣
«ምንጩ ቀረባችሁ» አለ። «አዎ» አለ አባቴ።
ዕርቁ ያ ነበር፤ ያለ መሐላ፣ ያለ ሽምግልና።

ሦስቷን እርምጃ ማንም አላረሳት። ሣር በቀለባት፤
የእሱም የእኛም በጎች ጋጡባት።

አባቴ በሞተ በማግሥቱ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፈትኩ፤
ከቀለበቱ ሥር የታጠፈ ነገር ነበር። ዘረጋሁ፣ አነበብኩ።
ማኅተም። ፊርማ። ከደጃፋችን እስከ ፖም ዛፉ ሠላሳ ሦስት እርምጃ፤
ያን ሁሉ ዓመት ያሻኝ ማስረጃ።
ሮሳሜል የተወልን ሠላሳ።
ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ተዘርግቶ የታጠፈ፣ መታጠፊያው የሳሳ።
ስንት ሌሊት ታግሎት ይሆን?

ውጭ የሮሳሜል ልጅ በሬዎቹን ሲያቆም ሰማሁ፤
ሬሳ ሳጥኑን ሊወስድልን መጥቶ፣ ዝናብ እየወረደበት።
ወረቀቱን በእጥፋቱ መለስኩ። ወጣሁ።
የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ያዝኩለት።